ኤትየን ሊዮፖልድ ትሩቭሎ፡ ሐር ሲሻ ተባይ ያስመለጠው የከዋክብት ሠዓሊ

እአአ በ1827 በሰሜን ፈረንሳይ የተወለደው ኤትየን ሊዮፖልድ ትሩቭሎ፣ ሉዊ ናፖሊዮን በ1851 ሥልጣንን በኃይል ሲጠቀልል አገራቸውን ጥለው ከተሰደዱት አንዱ ነበር። ከቤተሰቡ ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካዋ ቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው ሜድፎርድ ኑሮውን መሠረተ። በሥዕል ሙያው እየተዳደረም ነፍሳትን ያጠና ጀመር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓን የሐር ትሎች በሽታ እየፈጃቸው ነበር። ትሩቭሎ ተስፋውን የጣለው በአሜሪካ ጫካዎች በሚኖረው ፖሊፌመስ በተባለ ግዙፍ የእሳት እራት ላይ ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ስያሜው ከግሪክ አፈ ታሪክ አንድ ዓይና ግዙፍ የተወሰደ ሲሆን፣ በኋላ ክንፎቹ ላይ ዓይን መሳይ ነጠብጣቦች አሉት።

ትሩቭሎ የዚህን ፍጥረት ዕድገት ከእንቁላሉ ጀምሮ ተከታተለ። አንድ አባጨጓሬ በ56 ቀናት ውስጥ የሚመገበው ቅጠል፣ ሲፈለፈል ከነበረው ክብደት 86,000 እጥፍ እንደሚሆንም አሰላ። በ1865 ከቤቱ ጀርባ ሁለት ሄክታር ገደማ በሚሆን ጫካ፣ በመረብ በተሸፈኑ ቁጥቋጦዎች ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል አባጨጓሬዎች ይርመሰመሱ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ግን ከእነዚህ አይደለም። ትሩቭሎ ሊማንትሪያ ዲስፓር የተባለ ሌላ ዝርያ እንቁላሎችን ከአውሮፓ አስመጣ። ይህ ዝርያ ከግዙፎቹ የሐር እሳት እራቶች ወገን አይደለም፤ ለገበያ የሚበቃ ሐርም አይሰጥም። በ1868 ወይም በ1869 ጥቂቶቹ አመለጡ። ትሩቭሎ የነፍሳት አጥኚዎችን ቢያስጠነቅቅም እርምጃ የወሰደ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። የሣላቸውን የሰሜን ዋልታ ብርሃናት ያዩ የሃርቫርድ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ኃላፊ በ1872 ወደ ተቋማቸው ጋበዙት። በዘመኑ 7,000 ያህል ሥዕሎችን ሠራ። ከእነዚህ መካከል በቀለም የታተሙት 15ቱ የፕላኔቶች፣ የጅራታም ኮከቦችና የፀሐይ ግርዶሽ ምስሎች ዛሬም ይደነቃሉ።

በ1882 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ከሰባት ዓመታት በኋላ የሜድፎርድ ዛፎች ቅጠላቸው ተግጦ እርቃናቸውን ቆሙ፤ አባጨጓሬዎቹ ከዛፍ አልፈው የቤት ግድግዳዎችን አለበሱ። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1890 የማጥፋት ዘመቻ ቢጀምርም አልተሳካለትም፤ ተባዩ እስካሁን የሰሜን አሜሪካን ደኖች ይመዘብራል።

ትሩቭሎ በ1895 በፈረንሳይ ሙዶን አረፈ። በጨረቃ ላይ አንድ ጉድጓድ በስሙ ተሰይሞለታል። በምድር ግን ስሙ በብዛት የሚነሣው፣ ከጓሮው አምልጠው ከቀሩት ጥቂት ነፍሳት ጋር ነው።