ሣህለ ሥላሴ (የሸዋ ንጉሥ)

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1795 ገደማ – 1847) ከእ.ኤ.አ. 1813 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሸዋን የገዙ ንጉሥና የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አያት ነበሩ። ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ሲሆን በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው አንጎለላም ይቀመጡ ነበር። ይበልጥ የሚታወቁት ግዛታቸውን በማስፋፋታቸውና ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተዋዋሉት ውል ነው። የመጨረሻ ዓመታቸውን ያስጨነቀው ግን ክህነት የሌለው ንጉሥ በሃይማኖት ክርክር ውስጥ እስከ ምን ድረስ መፍረድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነበር።

የሥልጣን አመጣጥ

አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይባላሉ። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1813 ሲገደሉ ሣህለ ሥላሴ በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ ከመድረሱ በፊት ፈጥነው ሥልጣኑን ያዙ። በመጀመሪያ ራስ፣ በኋላም የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

የሃይማኖት ክርክር

በዘመኑ የኢትዮጵያ ሊቃውንት በክርስቶስ ልደት ላይ ተከፋፍለው ነበር። የሦስት ልደት (የጸጋ ልጅ) ወገኖች ከአብና ከድንግል ማርያም ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ ይሉ ነበር። ካራ የሚባሉት ግን ሁለት ልደት ብቻ ይቀበላሉ። ሦስት ልደት በሸዋ የጸናው በሣህለ ሥላሴ አያት በአስፋ ወሰን ዘመን ሲሆን ደብረ ሊባኖስም ይህንኑ ትምህርት ትደግፍ ነበር።

ጳጳስ ከእስክንድርያ እየተሾመ የሚመጣ አንድ ብቻ ነበር። ክህነት መስጠትና ማውገዝ በእርሱ እጅ ነው። ንጉሡ በበኩሉ የአድባራትን አለቆች ይሾማል፣ ይሽራል፣ ለካህናትም መሬት ይሰጣል። ስለዚህ ንጉሡ በአለቆች ሹመት አማካይነት የአንዱን ወገን ትምህርት ማጽናትና ሌላውን ማዳከም ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 ክርክሩ በአንኮበር በበረታ ጊዜ ንጉሡ ለሦስት ልደት ወገን ፈረዱ፤ ተቃዋሚዎቹንም ካህናት ሻሩ። የተሻሩት ወደ ጎንደር ሄደው በዚያው ዓመት ወደ አገር ለገቡት ጳጳስ ለአቡነ ሰላማ አቤት አሉ። አቡኑ የካራ ደጋፊ ስለነበሩ ካህናቱ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አዘዙ።

ውግዘቱና ፍጻሜው

ሣህለ ሥላሴ ለመታዘዝም ሆነ ለመቃወም ተቸገሩ። ትእዛዙን ቢቀበሉ የደብረ ሊባኖስንና የሾሟቸውን አለቆች ድጋፍ ያጣሉ፤ እምቢ ቢሉ ደግሞ ውግዘት ይጠብቃቸዋል። የተወገዘ ንጉሥ ሕዝቡ የመታዘዝ ግዴታ የለበትም ተብሎ ሊሰበክበት ስለሚችል፣ ነገሩ የነፍስ ብቻ ሳይሆን የዙፋንም ጉዳይ ነበር። ለዓመታት ከዘለቀ ውዝግብ በኋላ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1846 ንጉሡን አወገዙ።

ውግዘቱ ግን ከዙፋናቸው አላወረዳቸውም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1847 እስኪሞቱ ድረስ ገዙ፤ ልጃቸው ኃይለ መለኮትም ተተኩ። ይህም በሸዋ የጳጳሱ ቃል ብቻውን፣ የንጉሡ ክንድና የአገሬው ካህናት ፈቃድ ካልታከለበት፣ ሥራ ላይ መዋል እንደሚቸግረው አሳየ።

በአንጻሩ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተባብረው የካራን ትምህርት ደገፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1855ም ሸዋን ያዙ። ሦስት ልደት ግን በሸዋ ወዲያው አልጠፋም። በይፋ የተወገዘው እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመሩት ሸንጎ ነው። በጉባኤው የተገኙት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም አያታቸው ሲደግፉት የኖሩት ትምህርት መወገዙን ተቀበሉ።