ቤርታ ቤንዝና በመንገድ ላይ የተገኘው የፍሬን ሸራ

መኪናውን በቤቱ ደጃፍ አቁሞ፣ በክሪክ አንሥቶና የኋላ ጎማዎቹን ፈትቶ ያለቀ የፍሬን ሸራ በገዛ እጁ የሚለውጥ ሰው ሥራው ሲበዛ ግማሽ ቀን ይወስድበታል። ያረጀው ሸራ ይወጣል፣ አዲሱ በቦታው ይገባል፤ ካሊፐሩም ሆነ ጎማው እንደነበረ ያገለግላል። ይህ የሚቻለው ፍሬኑ ሲሠራ የሚያልቀው ክፍል ለብቻው፣ በቀላል ዋጋ የሚተካ ሆኖ ስለ ተዘጋጀ ነው። ይህን መላ በመኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ አዋለች ተብላ የምትታወቀው ግን መሐንዲስ አልነበረችም። ከማንሃይም ወደ እናቷ አገር ስትጓዝ በቁልቁለት ላይ ፍሬኗ አልይዝ ያላት የአራት ልጆች እናት ነበረች።

ቤርታ ሪንገር እ.አ.አ ግንቦት 3 ቀን 1849 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በባደን ግዛት በምትገኘው በፕፎርትስሃይም ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት ሥራና በግንባታ ሀብት ያፈራ ሰው ነበር። የተወለደችው ልጅ ዳግመኛ ሴት በመሆኗ ማዘኑን በቤተሰቡ መጽሐፍ ላይ እንደ ጻፈና እርሷም አድጋ ይህን እንዳነበበች ይተረካል። ታሪኩ እንደ ተባለው ይሁንም አይሁን፣ የዘመኑን አስተሳሰብ በሚገባ ያሳያል። ቤርታ ለሴቶች በተዘጋጀ ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ በላይ ግን መንገዱ ዝግ ነበር። የባደን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን በተማሪነት መቀበል የጀመሩት እርሷ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ እ.አ.አ በ1900 ነው።

በ1869 ወደ ማውልብሮን በተደረገ የሽርሽር ጉዞ ላይ ካርል ቤንዝ ከተባለ ወጣት መሐንዲስ ጋር ተዋወቀች። ካርል የባቡር ነጂ ልጅ ሲሆን አባቱ የሞተው ገና ሕፃን ሳለ ነበር። በካርልስሩኸ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ ወጥቷል፤ ዕውቀት እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። በ1871 ከአንድ ሸሪኩ ጋር በማንሃይም የብረት ሥራ ቤት ቢያቋቁምም ሸሪኩ የማይታመን ሆነበት፤ ድርጅቱም ሊፈርስ ተቃረበ።

እዚህ ላይ የቤርታ የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ ይመጣል። በእስልምና ሥርዓት መህርን ለሙሽራይቱ የሚሰጠው ባል ነው፤ በዚያ ዘመን በጀርመን ባለጸጋ ቤተሰቦች ዘንድ ግን ሴቲቱ ከአባቷ ቤት ገንዘብ ይዛ ትሄድ ነበር። ቤርታ ይህ ድርሻዋ ከሠርጉ በፊት እንዲሰጣት አባቷን ጠይቃ፣ በተቀበለችው ገንዘብ የእጮኛዋ ሸሪክ ድርሻውን ለቅቆ እንዲወጣ አደረገች። ሐምሌ 20 ቀን 1872 ተጋቡ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሕግ ፊት ገንዘቡም ሆነ የሥራ ቤቱ የባሏ ነበር፤ ያገባች ሴት በራሷ ስም በንብረቷ የማዘዝ ሥልጣን አልነበራትምና። ስለ መኪና አመጣጥ በሚጻፉ ታሪኮች የቤርታ ስም ለረጅም ጊዜ በሚስትነት ብቻ ሲነሣ የኖረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት የዕዳና የችግር ነበሩ። በ1879 የመጨረሻ ሌሊት ባልና ሚስት ከእራት በኋላ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደው፣ እስከዚያ ድረስ እንቢ ያለውን ሞተር ሲያስነሡ ዘመን መለወጫውን በድምፁ ተቀበሉት። ጥር 29 ቀን 1886 ካርል ባለ ሦስት እግር፣ በቤንዚን የሚሄድ ሠረገላውን በቁጥር 37435 አስመዘገበ። ጉልበቱ ከአንድ ፈረስ ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በማንሃይም ጎዳና ለሕዝብ ታየ፤ ገዢ ግን አልተገኘም። ሰዉ ይስቅበት ወይም ይፈራው ነበር። ካርልም ሥራውን ደጋግሞ የሚያርም፣ ወደ አደባባይ ለማውጣት የሚያመነታ ሰው ነበር።

ቤርታ የጎደለው ምን እንደሆነ ከባሏ ይልቅ የገባት ይመስላል። መኪናው ከከተማ ዙሪያ ርቆ ሰውን ከአገር ወደ አገር ማድረሱ በዓይን ካልታየ ማንም አይገዛውም ነበር። ነሐሴ 1888 አንድ ማለዳ ላይ፣ ባሏ ተኝቶ ሳለ፣ የአሥራ አምስት ዓመቱን ኦይገንንና የአሥራ ሦስት ዓመቱን ሪሻርድን ይዛ ሦስተኛውን ዓይነት መኪና ከሥራ ቤቱ አወጣች። ድምፁ እንዳይሰማ መጀመሪያ ገፍተው እንዳራቁት ይነገራል። የሚሄዱት ወደ ፕፎርትስሃይም፣ ወደ እናቷ ቤት ሲሆን መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ማደያ ቀርቶ ማደያ የሚለው ሐሳብ እንኳ አልነበረም።

በቪስሎኽ ነዳጁ ሲያልቅ ወደ ከተማዋ መድኃኒት ቤት ገብታ ለልብስ ማጽጃ የሚሸጠውን ሊግሮይን ገዛች፤ ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ የዓለም የመጀመሪያው የነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጎበኛል። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የተላጠውን የኤሌክትሪክ ሽቦ በካልሲዋ ማሰሪያ ሸፈነችው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ብሩክሳል ላይ ብረት ሠሪ አገዛት። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ እየተነነ ስለሚያልቅ በየመንገዱ መሞላት ነበረበት። ዳገት ሲመጣ ልጆቹ ወርደው ይገፉ ነበር።

ዳገቱ ጉልበት እንጂ ሌላ አልጠየቀም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነበር። ማንሃይም ያለችው በራይን ወንዝ ሜዳ ላይ ሲሆን ፕፎርትስሃይም የጥቁር ደን ተራሮች በሚጀምሩበት አፋፍ ላይ ናት። የመኪናው የኋላ ጎማዎች የሚያዙት በእጅ በሚሳብ ዘንግ በሚጫኗቸው የእንጨት ቁራጮች ነበር። ፍሬን ማለት ሩጫን በሰበቃ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ የሚነካካው ገጽ ነው። እንጨት ሲግል ይከስላል፣ ይበላል፣ ይለሰልስና መንሸራተት ይጀምራል። በማንሃይም ሜዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲሞከር ይህ ጉድለት ጎልቶ አልታየም፤ እናትና ሁለት ልጆች ተቀምጠውበት ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ግን የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ባውሽሎት በተባለች መንደር ቤርታ መኪናዋን አቆመችና የፈለገችው መካኒክ ሳይሆን ጫማ ሰፊ ነበር። በእንጨቶቹ ገጽ ላይ ቆዳ እንዲመታላት አዘዘችው። ቆዳው ከእንጨት ይልቅ ይይዛል፤ ሲያልቅም ተነቅሎ ሌላ ይመታል፣ እንጨቱ ይተርፋል። ጫማ ሰፊው የሠራው ለጫማ ሶል ዕለት ዕለት የሚሠራውን ነው። በመኪና ታሪክ የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው።

ሲመሽ ፕፎርትስሃይም ደርሰው ለካርል በቴሌግራም አስታወቁት። ከቀናት በኋላ በሌላ መንገድ ወደ ማንሃይም ተመለሱ። ቤርታ ከክብር ወሬ በላይ ይዛ የመጣችው የጉድለት ዝርዝር ነበር፤ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንዲገባ፣ ፍሬኑም እንዲታረም ነገረችው። ካርልም ተቀበላት። በዚያው ዓመት በሙኒክ በተደረገው ኤግዚቢሽን መኪናው የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ በ1899 የቤንዝ ድርጅት በአንድ ዓመት 572 መኪናዎችን ሠርቶ ከዓለም ቀዳሚ ሆነ።

ቆዳው ብዙ አልቆየም። መኪናዎች እየፈጠኑ ሲሄዱ ሙቀቱን አልቻለምና ቦታውን በጥጥ ለተሠራ ጨርቅ፣ ኋላም ለአስቤስቶስ ለቀቀ። አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እርሱም በብዙ አገሮች ተከለከለ። ዛሬም ቢሆን በቤቱ ሸራ የሚለውጥ ሰው አቧራውን በአየር ግፊት ከማራገፍ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርገው ይሻለዋል። ብዙ መካኒኮች ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሳ እንዲለወጥ፣ ሲለወጥም የግራውና የቀኙ አብረው እንዲለወጡ ይመክራሉ። አንዱ ወገን ከሌላው በርትቶ ከያዘ መኪናው ወደ ጎን ይሳባልና።

ቤርታና ካርል እርጅናቸውን ያሳለፉት በላደንቡርግ ከተማ ነው። ካርል በ1925 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ሁሉም ፊቱን ባዞረበት ዘመን ከጎኑ ያልራቀችው እርሷ ብቻ እንደነበረች መሰከረላት። በሚያዝያ 1929 ሞተ፤ ቤርታ ከእርሱ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖረች። ዘጠና አምስተኛ ዓመቷን በያዘችበት ዕለት፣ ግንቦት 3 ቀን 1944፣ ባሏ የተማረበት የካርልስሩኸ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የክብር ሴናተር ብሎ ሰየማት። ከሁለት ቀን በኋላ በላደንቡርግ በሚገኘው ቤቷ አረፈች።

በማንሃይምና በፕፎርትስሃይም መካከል የሄደችበት መንገድ ከ2008 ጀምሮ በስሟ ተሰይሞ ምልክት ቆሞለታል። ባውሽሎትም በዚሁ መንገድ ላይ ትገኛለች።