ጥቁሩን ብሌን ያበራው የመምህር ልጅ

በሰው ገላ ውስጥ የሚመላለሱ የውስጥ ደም ሥሮች ቆዳ ሳይቀደድ በግልጽ የሚታዩት በአንድ ቦታ ነው፤ በዓይን የኋላ ግድግዳ፣ በሬቲና ላይ። ዛሬ ሐኪሞች እነዚህን ደም ሥሮች ፎቶግራፍ አንስተው፣ ስፋታቸውን በኮምፒውተር እየለኩ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያደረሱትን ጉዳት ይመረምራሉ። ለዚህ ሁሉ በሩን የከፈተውን የሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝን ሕይወት ለአንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1821 ጀርመን አገር ፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። የልጁ ፍላጎት ፊዚክስ ቢሆንም የመምህር ደመወዝ ለዚያ አልበቃም። ስለዚህ በርሊን ወደሚገኘው የፕሩሺያ ጦር የሕክምና ተቋም ገባ፤ መንግሥት በነፃ ያስተምረዋል፣ እሱም በምላሹ ለዓመታት በጦር ሐኪምነት ያገለግላል።

በ1842 የዶክትሬት ማዕረጉን ተቀበለ። ከዚያም ወታደር እያከመ፣ በትርፍ ጊዜው ምርምሩን ቀጠለ። በ1847 ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም የሚለውን ዝነኛ ጽሑፉን አቀረበ። የዘመኑ ታላቅ የፊዚክስ መጽሔት አላትምም ስላለ ጽሑፉ ራሱን ችሎ በትንሽ መጽሐፍ መልክ ወጣ። በ1848 ሊቁ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አማልደውለት ከቀረው የውትድርና ግዴታ ተለቀቀ፤ በ1849 ዛሬ የሩሲያ ካሊኒንግራድ በሆነችው በኮኒግስበርግ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

እስከዚያ ዘመን ድረስ የሕያው ሰው ብሌን ለሐኪም ጥቁር ጉድጓድ ነበር። ዓይኑ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ብርሃኑን ያጣ ሰው ምን እንደነካው በሕይወቱ ሳለ አይቶ የሚነግረው አልነበረም። ሄልምሆልትዝ በ1850 ለተማሪዎቹ ትምህርት ሲያዘጋጅ ምስጢሩ ተገለጠለት። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን ተመልሶ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን በመጣበት መንገድ ወደ መብራቱ ነው። ይህን ብርሃን ለማየት በመብራቱ ቦታ መቆም ያሻል፤ እዚያ የቆመ ሰው ደግሞ መብራቱን ይጋርዳል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። መብራቱን በጎን አድርጎ፣ በሁለቱ ሰዎች ዓይን መካከል ስስ መስታወት አጋደለ። መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ታማሚው ብሌን ይመልሳል፤ ከዓይን ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ በከፊል በመስታወቱ አልፎ ሐኪሙ ዘንድ ይደርሳል። ከካርቶን፣ ከመነጽር ሌንስና ከማይክሮስኮፕ መስታወት በተገጣጠመችው በዚህች መሣሪያ ሬቲናን ከነደም ሥሮቹ አየ። ግኝቱን ዲሴምበር 6 ቀን 1850 ለበርሊን የፊዚክስ ማኅበር አሳወቀ፤ በ1851 በመጽሐፍ አወጣው።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1847 ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ያማከረው የዓይን ሐኪም ጥቅሙ ስላልታየው ተረስቶ ቀረ። የሄልምሆልትዝን መሣሪያ ግን በርሊን ውስጥ አልብሬክት ፎን ግሬፈ ወዲያው ተቀብሎ የዓይን ሕክምናን ለወጠበት።

ሄልምሆልትዝ ከዚያ በኋላ በቦን፣ በሃይደልበርግና በበርሊን አስተማረ፤ ስለ እይታ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ1867 ተጠናቀቀ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1894 በ73 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ የድሃ መምህርን ልጅ ያስተማረ መንግሥት ውለታውን እንደ ሰንሰለት አጥብቆ ቢይዝበት ኖሮ ይህ ሁሉ መዘግየቱ አይቀርም ነበር። የተማረ ሰውን ማስተማር ብቻ ሳይሆን በሙያው እንዲሠራ መልቀቅም የመንግሥት ብልህነት ነው፤ ይህን ያጡ አገሮች ልጆቻቸውን የት እንደበተኑ እኛ ስደተኞች እናውቀዋለን።

ሁለተኛው በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። የስኳር በሽታ የሬቲናን ደም ሥሮች ሲጎዳ በመጀመሪያ አያምም፣ እይታንም አይቀንስም፤ ሰው ሲነቃ ጉዳቱ ርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ወገናችን ዓይኔ ደኅና ያያል ብሎ አይዘናጋ። ሐኪሙ በሚወስንለት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ሬቲናውን ያስመርምር። በሩ ከተከፈተ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቀረው እኛ መግባታችን ነው።