ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው ብቻውን አልነበረም

የጄምስ ብሩስን ስም ያልሰማ የባቻችን ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ የዓባይን ምንጭ ያገኘ እየተባለ ነው የተማርነው። ለእኛ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ልጆች ግን ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ግሽ ዓባይ እዚሁ ሰከላ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ጠበል የሚሄድበት ቦታ መቼ ጠፍቶ ነው የሚገኘው?

ሰውዬው ግን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ተወልዶ በ1769 በምጽዋ በኩል ገባ። ጎንደር ላይ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች በማከሙ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አገኘ። በአገሩ ጦርነት እየታመሰ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ።

እኔን የሚገርመኝ የጥናቱ ስፋት ነው። ዛሬ አራት አምስት ዲፓርትመንት ተከፋፍሎ የሚሠራውን አንድ ላይ ያዘው። የምንጩን ኬክሮስ ለካ፤ ከ11 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ይላል። የግሽ አገዎች ለምንጩ የሚያደርጉትን ሥርዓት ጻፈ። ጤፍን፣ እንሰትንና ኮሶን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ መጽሐፈ ሄኖክንም 3 ቅጂ ይዞ ወጣ። ከተቅማጥ የፈወሰውን ዋጊኖስ ደግሞ የእጽዋት ሊቃውንት ብሩሲያ አሉት። የባላገሩ መድኃኒት በእንግዳው ስም ተመዘገበ ማለት ነው።

ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ሥዕሎቹን የሠራለት የቦሎኛው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፤ ከጉዞው መልስ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ ግን ባሉጋኒ ከምንጩ አጠገብ የለም! ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ መጻፉንም አስተባበለ። መንገድ የመሩትን የአገር ሰዎች እንኳ ከባሉጋኒ ይልቅ ደህና አድርጎ አንስቷቸዋል።

እኔ አሁን ፊልድ የማወጣቸውን ተማሪዎች፣ የቅጠሉን ስም የነገራቸው ገበሬ ሪፖርቱ ላይ ካልተጠቀሰ አልቀበላቸውም። ይስቁብኛል፣ ግዴለም።

ለንደን ብሩስን ብዙም አላመነችውም። ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መሳቂያ አደረገው። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ አሁን በባሉጋኒ ስም ነው የተመዘገቡት።