ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላ መጻሕፍት

የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ለእኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ቶሎ ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። አይፈረድብንም፤ መድፉ ዛሬም እዚሁ በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። መጻሕፍቱ ግን ሄደዋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት በመጻሕፍቱ በኩል ለማየት እሞክራለሁ።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለዱ። ለትምህርት ጎንደር አካባቢ ወደሚገኝ የተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብተው ሳለ ገዳሙ በጦር ተመታ፤ ብዙ ተማሪ ሲያልቅ እሳቸው አመለጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሽፍትነትና ጦርነት ሁላችንም ከልጅነታችን ስንሰማው ያደግን ስለሆነ አልፈዋለሁ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ፤ በ1848 ዓ.ም. ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ።

ለቋንቋ ተማሪ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከእሳቸው በፊት የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። የእሳቸውን ደብተራ ዘነብ በአማርኛ ጻፉት። የሚያሳዝነው ግን ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ምሁር በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በርሊን ከሚገኝ ብራና ላይ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ዜና መዋዕል ብራናውን ላገላብጥ ያለ ተማሪ እንግዲህ ጀርመን መሄድ አለበት ማለት ነው።

መቅደላ ላይ ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው በርካታ መጻሕፍት አከማቹ። ከየት አመጧቸው? ብዙዎቹ የጎንደር ናቸው። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናቱ ተዘርፈዋል። ገዳም ሲጠፋ በዓይናቸው ያዩት ያ ልጅ ይህን ማድረጋቸው ለእኔ ከሕይወታቸው ሁሉ የሚከብደኝ ቦታ ነው። ስለ እንግሊዞች ዘረፋ ስንጽፍ ይቺን መዝለል እንወዳለን፤ መዝለል ግን የለብንም።

ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ አውሮፓውያንን አሰሩ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ሠራዊታቸው ተሸነፈ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ ጠላት አምባው ላይ ሲወጣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ወጣ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ገንዘብ ይዞ ነበርና ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለሙዚየሙ ሰበሰበ። ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ዝርዝራቸውን ከነሥዕሎቻቸው መግለጫ አሳተመ፤ የጎንደርን ሥዕል፣ እነ ተአምረ ማርያምንና ራእየ ዮሐንስን፣ የሚያጠና ሰው ዛሬም ከዚያ መዝገብ ነው የሚነሣው። ብራናዎቹ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ የተወሰኑትን ፎቶ አንሥቶ በኢንተርኔት ለቆልን ስንደሰት፣ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት ያም ተቋረጠ። ምስሉም ቢሆን በሰው እጅ ነው።

ይመለሱ ሲባል የት ይቀመጣሉ የሚል ሰው አይጠፋም። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ያየን ስለሆንን ጥያቄውን በቀላሉ አልንቀውም። ሆኖም መመለስ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው ለእንግሊዝ ጻፉ፤ ሙዚየሙ ከመቅደላ የሄደ ሁለት ቅጂ ነበረውና በ1865 ዓ.ም. አንዱን መለሰ።