ዕረፍትና ማገገም በሻምበል አበበ ቢቂላ የስፖርት ሕይወት

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለጤና ያለው ጠቀሜታ በሰፊው የታወቀ ነው። ከእንቅስቃሴው ጎን ለጎን ለሰውነት ሊሰጥ የሚገባው ዕረፍት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሣም በቅድሚያ የሚታወሱት የሮምና የቶኪዮ ድሎቹ ናቸው። በእነዚህ ድሎች ዙሪያ ያለፉት የሕመም፣ የዕረፍትና የማገገም ጊዜያት ስፖርት ለሚሠራ ዜጋ ሁሉ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣሉ።

ልደትና ወጣትነት

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ በምትገኘው ጃቶ መንደር ተወለደ። ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የሩጫ ችሎታውን ተመልክተው ያሠለጥኑት ጀመር። ሥልጠናው ረጅም የአገር አቋራጭ ሩጫን በመለስተኛ ርቀት ከሚደረጉ የፍጥነት ልምምዶች ጋር ያጣመረ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ውጤቱ በወቅቱ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ።

ሕመምና ድል በቶኪዮ

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በሚዘጋጅበት ጊዜ አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ተያዘ። ውድድሩ ሊካሄድ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት፣ ሯጮች ልምምዳቸውን በሚያጠናቅቁበት ወሳኝ ወቅት ለማረፍ ተገደደ። ብዙዎችም መወዳደሩን ተጠራጥረው ነበር።

ይሁን እንጂ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ በመግባት ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ድል ተቀዳጀ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሌይን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላም በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን የማፍታታት እንቅስቃሴ ሲሠራ ታየ።

ይህ ታሪክ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጥድፊያ ወደ ሩጫ ለመመለስ ምሳሌ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አበበ በዓመታት ሥልጠና የዳበረ፣ በሐኪምና በአሠልጣኝ ክትትል ሥር ያለ አትሌት ነበር። ታሪኩ የሚያስረዳው በረጅም ጊዜ የተገነባ ብቃት በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት እንደማይጠፋ ነው። በመሆኑም ሕመም ሲያጋጥመን ልምምድ ለማቋረጥ መፍራት አይገባም።

ምክንያቱም ከሰውነት አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በጠንካራ እንቅስቃሴ ጊዜ በጡንቻዎች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፤ በውስጣቸው የተጠራቀመውም የኃይል ምንጭ ይቀንሳል። ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው፣ የጎደለውን የሚተካውና ለቀጣዩ ጫና የሚጠነክረው በምግብ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ ነው። ለዚህ በቂ ጊዜ ካልተሰጠ ድካም ይደራረባል፤ በጡንቻ፣ በጅማትና በአጥንት ላይም ጉዳት ይከተላል።

ያልዳነ ጉዳት

አበበ በሕይወት ዘመኑ በ16 ማራቶኖች ተሳትፎ 12ቱን አሸንፏል። ከ1959 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግን የእግር ጉዳት ይመላለስበት ጀመር፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ማራቶኖችም ሳይጨርስ ቀረ።

ከእነዚህ አንዱ በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. የተካሄደው የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ነበር። አበበ ጉዳቱ ሳይድን ውድድሩን ጀመረ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላም ሕመሙ ስለጠናበት አቋረጠ። ድሉን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ አሸናፊ የሆነ ሰው እንኳ ያልዳነ ጉዳትን በጽናት ብቻ ሊያሸንፈው አለመቻሉን ይህ ውድድር ያሳያል።

ረጅሙ የማገገም ጉዞ

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ ይነዳው የነበረው መኪና ተገልብጦ በአከርካሪው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለ8 ወራት ታከመ። ሆስፒታሉ ስፖርትን የሕክምናው አካል በማድረግ የታወቀና የፓራሊምፒክ ውድድር መነሻ የሆነ ተቋም ነው። አበበ መጀመሪያ እጆቹን ጭምር ማንቀሳቀስ ተስኖት ነበር፤ በሕክምናውና በማገገሚያ እንቅስቃሴዎች በሂደት እጆቹን ለመጠቀም ቻለ። እግሮቹ ግን እንደገና አልቆሙም።

ቢሆንም ከስፖርት አልተለየም። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በተከታዩ ዓመትም በኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በዚህ ዘመኑ ማገገም ማለት ሥራ ፈትቶ መተኛት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የሰውነትን አቅም ተቀብሎ ቀስ በቀስ የመገንባት፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመት ዕድሜው ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በአዲስ አበባም በብሔራዊ ክብር ተቀበረ።

ለዜጎች የሚሰጥ ምክር

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚሠሩ ዜጎች የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያስተውሉ ይመከራል፦

• በሳምንታዊ መርሐ ግብር ውስጥ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን መያዝና ከባድ ልምምድ በተሠራ ማግስት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ፤

• ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት የሌሊት እንቅልፍ ማግኘት፤

• የማይለቅ ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባት ወይም ጠዋት ከወትሮው የፈጠነ የልብ ምት ሲታይ ልምምዱን መቀነስ፤

• በዕረፍት የማይሻል ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ሲኖር ልምምዱን አቁሞ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ፤

• ከሕመም፣ ከጉዳት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት የሚመለሱበትን ጊዜና መጠን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ መወሰን።