ሐዲስ ዓለማየሁና የመምህር ሚዛን

በዚህ ዓምዳችን ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ራሱ ያላነበበ ሠልጣኝ ቢኖር እንኳ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ አባት ወይም አጎት አያጣም። ይሁን እንጂ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ መምህር እንደ ነበሩ፣ ትምህርት ቤት እንደ መሩ፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር እንደ ሆኑ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ነገ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የምንመደብ ነን። የመምህሩና የርእሰ መምህሩ ብቃት በምን ይለካ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። እንግዲህ የኚህን ሰው ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ብናየው ይጠቅመናል ብለን አቀረብነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ቦታ ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እንደ ዘመኑ ልጅ ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የአብነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተከታተሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ የሰፈራችን ናቸው። ዲማ ከቢቸና ቅርብ ነው፤ ደብረ ወርቅም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ዛሬ በመኪና የምናልፍበትን አገር ያኔ ልጁ ሐዲስ በእግሩ ሄዶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን የአብነት ትምህርት ቤት መምህሩን እንዴት ይለካው እንደ ነበር እንመልከት። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ አገር አቋርጦ የሚሄደው የታወቀ መምህር ፍለጋ ነው። መምህሩ ጎበዝ ከሆነ ጉባኤው ይሞላል፣ ደከም ካለ ተማሪው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። የሚቆጣጠር ቢሮ የለም፣ የሚሞላ ቅጽም የለም። ተማሪው ተመርቆ ሌላ አገር ሲሄድ የማን ተማሪ ነህ ተብሎ ይጠየቃል። ቅኔው ካማረ የሚመሰገነው የኔታም ጭምር ነው፣ ከተበላሸም ነውሩ ለሁለቱም ይተርፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ቁም ነገር ደግሞ አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቀን በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ ዝም ብሎ ነጥብ ሰጥቶ አይሸኘውም። ቤቱ የተሰበረበትን፣ ምሥጢሩ የጎደለበትን ቃል ነቅሶ እዚያው ያርመዋል፤ ሌሎቹም ይሰማሉ። በቅኔ ቤት መለካትና ማረም አንድ ሥራ ነው። የሐዲስን ሕይወት ስናነብ ልብ ልንለው የሚገባን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል።

ወጣቱ ሐዲስ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ራስ የያዘ ሰው በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጎጃም ተመለሱና በዳንግላና በደብረ ማርቆስ በአስተማሪነትና በትምህርት ቤት ኃላፊነት ሠሩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በክፍለ ሀገሩ ገና እንግዳ ነው። ወላጅ ልጁን ከከብት ጥበቃ አስጥሎ ለመስጠት ያመነታል፤ ካህኑም የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብሎ ይጠራጠራል። በዚያ ጊዜ ትምህርት ቤት መምራት ማለት መዝገብ መያዝ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝቡን ማሳመንም ነበር።

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሲመጣ ሐዲስ ጠመኔውን ትተው ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ሰሜን ግንባር ሽሬ ላይ ተዋጉ፣ ጦሩም ከተበተነ በኋላ ከራስ እምሩ ሳይለዩ ወደ ምዕራብ ዘለቁ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታስረው ቆይተው የተፈቱት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኢጣሊያ ከገባ በኋላ፣ በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. መካከል ነው። የወጣትነት ዘመናቸው ስድስት ሰባት ዓመት እንዲሁ በግዞት አለፈ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመድበው በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገራቸውን ወክለው ሠሩ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር አምባሳደር፣ ኋላም የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ ከዚያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

በትምህርት ሚኒስትርነቱ የቆዩት ጥቂት ነው ብለን እንለፈው እንዴ? የለም። በዲማ ጉባኤ በተማሪነት፣ በዳንግላ በመምህርነትና በኃላፊነት፣ በመጨረሻም በሚኒስትርነት፣ የትምህርትን ቤት ከወለሉ እስከ ጣሪያው ያዩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ሹመት ብዙም ሳይቆይ፣ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተደርጎ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም እንዲዳረስ የታቀደው እዚያ ነው። አገራችን በነፃነት ቀድማ በትምህርት ሥርጭት ግን ከብዙዎቹ ኋላ መቅረቷ በዚያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሩጫው ቁጥር ለማብዛት ሆነ፤ ልጆቹ ምን ያህል ተማሩ የሚለው ጥያቄ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ልብ ብለን ካነበብነው የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህ መምህር ነው። ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ የደረሰ የቅኔ ተማሪ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተቀጠረ። ጉዱ ካሣ ደግሞ ሥርዓቱን ስለ ነቀፈ እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው። ደራሲው እነዚህን ሰዎች ከሌላ አገር አላመጧቸውም፣ ያደጉበት የዲማ አገር ሰዎች ናቸው። ዕውቀቱ እያለው በዘሩ የተመዘነው በዛብህ፣ ሚዛን ሲሳሳት ሰው እንዴት እንደሚጠፋ ያሳየናል።

የ1966 ዓ.ም. ነገርም ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በ1964 ዓ.ም. የተጠና የትምህርት ማሻሻያ ነበር፤ ሴክተር ሪቪው ይባላል። መምህራኑ ሳይመከርበት የመጣ፣ የድሃውን ልጅ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ የሚያስቀር ነው ብለው ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። ለውጥ ምንም ያህል በባለሙያ ቢጠና፣ በክፍል ውስጥ የሚያስፈጽመው ሰው ካላመነበት ወረቀት ላይ ይቀራል። በዚያው የለውጥ ዓመት ሐዲስ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቀርቦላቸው አልተቀበሉም። አገሪቱ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት ያላቸውን ሐሳብ ግን በመጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልምዣት»ን በ1980፣ «ትዝታ»ን በ1985 ዓ.ም. አበርክተውልናል። ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ከእኚህ ሰው ሕይወት ምን እንቅሰም? ዛሬ የመምህራን የዕድገት መሰላል አለ፤ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለ፣ ኢንስፔክሽን አለ፣ ሱፐርቪዥን አለ። ይህ መኖሩን አንነቅፍም። ለማስተማር ልምምድ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ አካባቢ በወጣን ጊዜ ግን ያየነውን አንረሳም። ከክፍሉ ጀርባ የተቀመጠው ተመልካች የትምህርት ዕቅዱን፣ ዓላማው ሰሌዳ ላይ መጻፉን፣ የመርጃ መሣሪያውን አይቶ ቅጹን ሞልቶ ይወጣል። እዚያው ክፍል ውስጥ አራተኛ ክፍል ደርሰው መሥመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ነበሩ። ቅጹ ሙሉ ነው፣ ልጁ ግን አያነብም። መምህሩም የተሰጠውን ነጥብ እንጂ የተሳሳተውን ሳያውቅ ዓመቱ ያልፋል።

እርግጥ የአብነቱን ሚዛን እንዳለ እንውሰድ አንልም። እዚያ ያልቻለ ተማሪ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ግን የመጣለትን ሁሉ የማስተማር ግዴታ አለበት። መምህር በፈተና ውጤት ብቻ ይለካ ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በግጭቱ ምክንያት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደ ከረመ የምናውቀው ነው። በሩ ተዘግቶ የከረመ ክፍልና ሲያስተምር የከረመ ክፍል በአንድ ቁና አይሰፈሩም።

እኛ የምንለው ሚዛኑ እንደ ቅኔ ቤቱ እርማት ይሁን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ነጥብ ጽፎ ከመሄዱ በፊት መምህሩን አስቀምጦ የጎደለውን ያሳየው፣ ተመልሶም መስተካከሉን ይይ። ርእሰ መምህሩም በጥሩ ሪፖርቱ ሳይሆን ስንት መምህር ባሳደገ ይለካ። የሚለካውም ሰው እንደ ሐዲስ ጠመኔ ጨብጦ ያየ ይሁን።

ጓዶች ሠልጣኞች! በየተመደብንበት የገጠር ቀበሌ ዓመቱን ሙሉ የሚያየን ሱፐርቫይዘር ላይኖር ይችላል። ልጆቹ ግን በየቀኑ ያዩናል። ከእኛ እጅ ወጥተው ሌላ ትምህርት ቤት ሲገቡ ማን አስተማራችሁ ተብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ቀን ስማችን በነውር እንዳይነሣ ከአሁኑ እንበርታ።